ያልመጣ ሰው መልስ

ሮቸስተር፣ ኤፕሪል 19፣ 1925

ዛሬ እሑድ ነው፤ ሱቁ ዝግ ነው። ከባለፈው ጁላይ ጀምሮ ከቤት የመጡልኝንና እኔም የላክኋቸውን ደብዳቤዎች በቅደም ተከተላቸው እዚህ የቀን መዝገቤ ላይ ገለበጥኳቸው። የምልከውን ደብዳቤ ሁሉ ቅጂ አስቀራለሁ፤ ነጋዴ የጻፈውን ካላስታወሰ የተመለሰለትም አይገባውም። በመካከል ያሉት ማስታወሻዎች በየቀናቸው የጻፍኳቸው ናቸው። አላረምኳቸውም።

*

ታላቁ ወንዝ፣ ጁላይ 6፣ 1924

ልጄ አልፊየስ፣

መንገድህ ሩቅ ነው፤ ስለዚህ በጫካው ዳር እንደቆመ እንግዳ ቆጥሬ እቀበልሃለሁ። እንባህን ጠርጌልሃለሁ። ጆሮህን ከመንገድ አቧራ አጽድቼልሃለሁ። ጉሮሮህ ላይ የቆመውን ነገር አውርጄልሃለሁ። አሁን በደህና ስማኝ።

በቆሎው ጉልበት ደርሷል። ባቄላውም እየተጠመጠመበት ነው። ዱባው ግን ሰነፍ ነው፤ አባትህን ይመስላል።

የመንግሥት ወኪሉ በየቤቱ እየዞረ ነው። ከእንግዲህ ሴቶች ያቆሙት አለቃ አይታወቅም፤ ሰው ሁሉ በኮሮጆ ይመርጣል ይላል። ሰው ሁሉ የሚለው ወንዶቹን ነው። «እኔስ?» ብዬ ጠየቅኩት። «እማማ፣ እርስዎ ደክመዋል፤ ቤትዎ ይረፉ» አለኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ለስማችን ሰው ስመርጥ፣ ያጠፋውንም ሳወርድ ኖሬ በስተርጅና ዕረፍት ተሰጠኝ።

ይህን የሚጽፍልህ ወንድምህ ኢላም ነው። እዚህ ላይ ብዕሩ እኔ ከተናገርኩት በላይ ሲሮጥ አየሁና «ምን ጨመርክ?» አልኩት። «ደህና ነኝ ብዬ ነው» አለኝ። ደህና መሆንህን እኔ እነግረዋለሁ፣ አንተ ዝም ብለህ ጻፍ አልኩት። ደህና ነው።

አንተ ከነጮች ጋር ስትገበያይ ኖረሃል። ምን ፈልገው ነው? የምናደርገው እንዳይጠፋን የምታውቀውን ጻፍልኝ። ቀጫጭን መርፌም ላክልኝ፤ እዚህ ያለው ዶቃውን ይሰብረዋል።

ልብህ ጤና፣ አሳብህ ሰላም ይሁን።

እናትህ ድሩሲላ

*

ጁላይ 14። የእናቴ ደብዳቤ ዛሬ ከድንበሩ ማዶ፣ ከአገራችን ከታላቁ ወንዝ ደረሰ። የወለደችኝ እህቷ ናት፤ በእኛ በካዩጋ ነባር ሕዝቦች ዘንድ ግን የእናት እህት እናት ናት፣ ልጆቿም ወንድምና እህት ናቸው። ድሩሲላ የቤታችን የተኩላ ጎሳ እናት ናት። ቤታችን በሸንጎ አንድ ወንበርና አንድ የቆየ ስም አለው። ስሙን የሚሸከመውን ሰው ከሴቶቹ ጋር መክራ የምትመርጠው፣ የአለቅነቱን የአጋዘን ቀንድ በራሱ ላይ የምታደርገው እሷ ናት። ሦስት ጊዜ አስጠንቅቃው ካልሰማ የምታወልቀውም እሷ ናት። ማንበብና መጻፍ ስለማትችል የሚያነብላትና የሚጽፍላት ኢላም ነው። ስሙን የተሸከመውም ኢላም ነው፤ ስድስት ዓመቱ። ስም የሚሄደው በእናት በኩል ስለሆነ ከእሱ ሌላ በቤቱ የቀረ ወንድ እኔ ብቻ ነኝ። እኔም ሮቸስተር ቅርጫትና የዶቃ ሥራ ስሸጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ።

*

ሮቸስተር፣ ኦገስት 3፣ 1924

የተከበሩ እናቴ፣

የጠረጉልኝ እንባ፣ ያጸዱልኝ ጆሮ ለእርስዎም ይድረስዎ። እጅዎ ከዶቃው፣ እግርዎ ከእርሻው አይጉደል። እኔ ደህና ነኝ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሽማግሌ ጠበቃ ለሚስቱ ቅርጫት ሊገዛ መጣ። ከየት እንደሆንኩ ጠየቀኝና ነገርኩት።

«እናንተ እኮ ናችሁ ያስተማራችሁን!» አለኝ።

«ምኑን?»

«የእኛ አባቶች ገና እርስ በርሳቸው ሳይስማሙ፣ የእናንተ ሽማግሌዎች ‹እኛ እንደታሰርን ታሰሩ› ብለው መክረዋቸዋል። አንድ ቀስት ይሰበራል፤ የታሰረ ቀስት ግን አይሰበርም። ኅብረታችን ከእናንተ ሸንጎ የተማረው ብዙ ነው።»

«እንግዲያው ለመምህርህ ብለህ በዋጋው አትከራከረኝ» አልኩት። ሳቀና ተከራከረኝ።

ምን ፈልገው ነው ላሉኝ የማስበውን ልንገርዎ። በእናንተ ሸንጎ ሁሉም አንድ አሳብ ካልሆነ ነገር አያልቅም፤ አንድ ቤት እምቢ ካለ ይቆማል። መሬት በቶሎ ማስፈረም ለሚፈልግ ሰው እንዲህ ያለ ሻጭ አይመቸውም። ከግማሽ አንድ ሰው ሲበልጥ ውሉ የሚያልቅበትን ሸንጎ ይመርጣል። ክፋት አያስፈልገውም፤ ችኮላ ይበቃዋል።

መርፌዎቹን ልኬአለሁ፤ ሁለት ፓኮ ናቸው።

ልጅዎ አልፊየስ

(በዚያው ፖስታ ውስጥ ለብቻው አጥፌ የላክሁት ወረቀት፦)

ኢላም፣ ይህን ለእናታችን አታንብብላት። ምርጫው አይቀርም። በወንበሩ ላይ ሰው ይቀመጣል፤ አንተ ካልሆንክ ስለ መሬትህ የሚፈርም ሌላ ሰው ነው። ከገበያ የቀረ ሰው ዋጋ አይቆርጥም። ስምህን አስመዝግብ። በኋላ ትረዳሃለች።

*

ታላቁ ወንዝ፣ ሴፕቴምበር 14፣ 1924

አልፊየስ፣

መርፌዎቹ ደርሰውኛል። ቀጫጭን ናቸው።

ስለ ቀስቶቹ ያወራህ ጠበቃ አልዋሸም፤ ግን የሰማው ግማሹን ነው። ቀስቶቹን ቆጥረው ወሰዱ፤ ያሰራቸውን ጅማት እዚሁ ጥለውት ሄዱ። ማን እንዳሰራቸው አልጠየቁም። ቢጠይቁ ኖሮ ዛሬ ወኪሉ ቤትዎ ይረፉ አይለኝም ነበር።

ምርጫው በሚመጣው ወር ነው። የእኛ ሰው አይሄድም። ብዙ ቆይተሃልና ረስተህ እንደሆነ ላስታውስህ። እምቢ ያለ ሰው አይጮኽም፤ ተነሥቶ ይወጣል፣ ወይም ከነጭራሹ አይመጣም። ወንበሩ ባዶ የታየ ቤት አይሆንም ብሏል፤ ነገሩም እዚያው ይቆማል። ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። የሚጽፈውም ያውቀዋል።

ሌላ የምልህ የለኝም።

ድሩሲላ

*

ሴፕቴምበር 22። አጭር ደብዳቤ ነው። እንባም ጆሮም አላጸዳችልኝም፤ በችኮላ ይሆናል። ስለ ሁለተኛው ወረቀት ምንም ስላላለች ኢላም አላነበበላትም ማለት ነው። በዚህ ከተማ ያልመጣ ገዢ እምቢ አላለም፤ አልመጣም ብቻ ነው፤ ዕቃው ለመጣው ይሸጣል። ይህን ልጽፍላት አስቤ ሁለት ቀን አቆየሁትና ተውኩት።

*

ታላቁ ወንዝ፣ ኖቬምበር 9፣ 1924

ወንድሜ አልፊየስ፣

ጽሑፉ እንደተለወጠ አይተሃል። እህትህ ሊዲያ ነኝ። እናቴ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ፤ የራሴን ስጨምር እነግርሃለሁ።

ፖሊሶች መጥተው የአለቆቹን ሸንጎ የሚያፈርሰውን ትእዛዝ አነበቡ። የሸንጎው ቤት በር ላይ ጓጉንቸር ገብቷል። አለቆቹ ዝናብ ላይ ቆመው በሩን ሲያዩ ቆዩና ወደየቤታቸው ሄዱ።

የምርጫው ቀን እኛ ሴቶቹ አጥሩ ላይ ተደግፈን መንገዱን አየን። እትዬ ራኬል ትቆጥር ነበር።

«ሦስት። አራት።»

«አራተኛው እኮ ለፈረሱ ጫማ ሊያስመታ ነው የሚሄደው» አልኳት።

«እንግዲያው ፈረሱን ቀንሼ ሦስት ተኩል።»

ሳቅን። መንገዱ ባዶ ነበር፤ እንደዚያ ባዶ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ ደስ አለን። አምስተኛው ኢላም ነበር። የቀብር ኮቱን ለብሷል። በፊታችን ሲያልፍ ባርኔጣውን አነሣ። እትዬ ራኬል መቁጠሯን ተወች። እናቴ ወደ ዶሮዎቹ ዞረች።

ከመንገዳችን የሄዱት ስድስት ሰዎች ናቸው፤ ስድስቱም ለእሱ ሰጡ። ያልሄደውን ማንም አልቆጠረው። ተመርጧል።

በአራተኛው ቀን እናቴ ጠራችው።

«ሁለት ወንበር ላይ በአንድ መቀመጫ አይቀመጡም» አለችው። «የእነሱን ወንበር የያዘ ሰው የእኛን ስም ጥሎ ወጥቷል። ይህ የመጀመሪያው ነው።»

«እማ፣ ከውስጥ ሆኜ ልጠብቃችሁ ብዬ ነው።»

«ከውስጥ የታሰረ ውሻ የመጣውን አያይም፤ መጮኽ ብቻ ነው።»

ሁለተኛውን በሳምንቱ ከሴቶቹ ጋር ሆነን ነገርነው። መሬት መሬቱን እያየ ሰማን። ከቤት ወጥቶ የሚስቱ ወገኖች ዘንድ ነው ያለው።

አሁን እናቴ ይህን ጻፊ አለችኝ፦ «ለኢላም የጻፍክለት ነገር አለ? አንተው ንገረኝ።» (ይህ የራሴ ነው፦ ለምን እንደምትጠይቅህ አላውቅም። ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ።)

ሁለት ያርድ ጥቁር ጨርቅም ላክ ብላለች።

ሊዲያ፣ ስለ እናቴ

*

ኖቬምበር 17። ጥያቄው አንድ መስመር ነው። መልሱ አንድ ቃል ነው። የገና ገበያ ተጀምሯል።

*

ሮቸስተር፣ ዲሴምበር 21፣ 1924

የተከበሩ እናቴ፣

ክረምቱ ይቅለልዎ፤ ምድጃዎ አይጥፋ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ በዚህ ወር ሱቁን ትቼ ብዕር መያዝ ይከብዳል። በሸንጎው ቤት ላይ የደረሰው በጣም አሳዝኖኛል።

ስለ ኢላም የጠየቁኝን በተመለከተ፣ ወንድማማቾች ስንጻጻፍ ብዙ ነገር ይነሣል። ነገሩ ሲረጋጋ ተገናኝተን በሰፊው እንጫወተዋለን።

ጥቁሩን ጨርቅ ልኬአለሁ። ጥሩ ሱፍ ነው፤ ስድስት ያርድ ነው።

ልጅዎ አልፊየስ

*

ዲሴምበር 21። ሁለት ተጠይቄ ስድስት ላክሁ። ለደንበኛ ምርቃት የማበዛው ሚዛኑን ያጎደልኩ ጊዜ ነው።

*

ከባቡር ጣቢያ፣ ጃንዋሪ 25፣ 1925

አልፊየስ፣

ይህ ከእናቴ አይደለም፤ ከራሴ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ሦስተኛው ሆነ። በሴቶቹ ፊት፣ በእናቴ ቤት፣ የሴቶቹን ቃል የሚያደርሰው የጦር አለቃ አጠገቧ ቆሞ። «ወንበራቸውን ትለቃለህ ወይስ ስማችንን?» ብሎ ጠየቀኝ። አንድ ወር ስጡኝ አልኩ፤ የምጨርሰው ጉዳይ አለኝ አልኩ። እናቴ ተነሣች። ደርባ የለበሰችው አንተ የላክኸውን ጥቁር ጨርቅ ነው። እጇን ወደ ራሴ አስጠግታ ምንም የሌለበትን አየር በሁለት እጇ ያዘች። ክብደት እንዳለው ነገር ወደ ደረቷ ሳበችው። «ቀንዱን አወለቅሁ። ስሙን ወሰድኩ። ከእንግዲህ ኢላም ብቻ ነህ፤ በሸንጎ ድምፅህን የሚሰማ የለም» አለች። እጇ ሲወርድ ዘገየ።

አንድ ነገር ማወቅ አለብህ። ወረቀትህን የመጣ ዕለት አንብቤላታለሁ፤ «አታንብብላት» የሚለውንም ጭምር። እኔ ለእሷ ሳነብ ቃል ዘልዬ አላውቅም። የበቆሎ ልጣጭ እየጎነጎነች ነበር። ጉንጉኑን አስቀመጠችና ተነሥታ ወደ በጎቹ ሄደች። አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እኔ «አንተ እንዳየህ አድርግ» ማለቷ መሰለኝ። ሸንጎ ላይ ሰው ተነሥቶ ሲወጣ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ወጥ ቤት ነበርን። ደግሞ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ያደግኩት አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። እዚያ እምቢ የሚልህ ሰው በዱላ ነው የሚልህ፤ ዝም ካለህ ፈቅዷል።

ቀጥሎ የጻፈችልህን ደብዳቤ አስታውስ። «እምቢ ያለ ሰው ተነሥቶ ይወጣል፤ የሚጽፈውም ያውቀዋል።» በእጄ ነው የጻፍኩት። ለአንተ የምትነግርህ መስሎኝ በጥሩ ጽሑፍ ጻፍኩት።

ሦስተኛው ካለቀ በኋላ ደጅ ላይ አገኘኋት። «እማ፣ ያን ቀን እኮ ወጥተሽ ሄድሽ!» አልኳት። «አዎ፣ ወጥቼ ሄድኩ!» አለችኝ። ሁለታችንም እየጮኽን ነበር፤ የምንለውም አንድ ነገር ነበር።

የእነሱንም ወንበር ትናንት ለቀቅሁ። ከእንግዲህ እዚያም እዚህም የለሁም። ወደ ሰሜን እንጨት ቆረጣ እሄዳለሁ፤ አድራሻ የለኝም። ማን እንደመከረኝ ሴቶቹ አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝም አልነግራቸውም ነበር፤ ቀንዱ የነበረው በእኔ ራስ ላይ ነው።

ኢላም

*

ፌብሩዋሪ 2። ታውቅ ነበር። ኖቬምበር ላይ ስትጠይቀኝ ታውቅ ነበር። የፈለገችው ወሬውን አልነበረም። እኔ ጨርቅ ላክሁ።

*

ታላቁ ወንዝ፣ ማርች 1፣ 1925

ልጄ አልፊየስ፣

በጫካው ዳር ቆመሃል፤ አይቼሃለሁ። እንባህን ጠርጌልሃለሁ። ጆሮህን አጽድቼልሃለሁ። ጉሮሮህ ላይ ብዙ ነገር እንደቆመ አውቃለሁ፤ እሱንም አውርጄልሃለሁ።

ስማችን ምንጣፍ ላይ ተጋድሟል፤ የሚያነሣው ሰው የለም። በቤቱ አንድ ወንድ ቀርቷል። ማርች 28 ቅዳሜ ሴቶቹ ይቀመጣሉ። የሸንጎው ቤት ስለተቆለፈ በእኔ ቤት ነው።

ጥሩ ሰው ስለሆንክ አይደለም የምጠራህ። ስም የሚሸከም ሰው ቆዳው ሰባት ስንዝር መወፈር አለበት ይባላል፤ የወንድምህ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነበር። የአንተ ከነጮች ጋር ስትከራከር ሳይደነድን አይቀርም። በፊቴ ቆመህ የምትነግረኝ ነገር አለህ። በፊትህ ቆሜ እሰማሃለሁ። ከዚያ ሌላ የምጠይቅህ የለም፤ ከዚያ በኋላም አላነሣውም።

ምንም ነገር አትላክ። አንተ ና። ካልመጣህ መልስህ ያው ነው፤ ሁለተኛ አንጠይቅህም።

እናትህ ድሩሲላ

(የራሴ፦ እስከዚህ ድረስ ቃል በቃል የእሷ ነው። ካልመጣህ ስሙ ከጅረቱ ማዶ ላለው የተኩላዎች ቤት ይሄዳል። ከሄደ አይመለስም፤ እኔ አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ልጅ የለኝም። ከእናቴና ከእኔ ጋር ቤቱ ያልቃል። አልፊየስ፣ እንደ ነጋዴ አታስብ። ና። — ሊዲያ)

*

ማርች 9። በጠዋቱ ባቡር ብነሣ በዚያው ቀን እደርሳለሁ። ማርች 27 ባፋሎ ላይ የፀደይ ባዛር ይከፈታል፤ ሰባ ደርዘን ቅርጫት አዘጋጅቻለሁ። በባዛሩ ሌላ ሰው ሊቆምልኝ ይችላል፤ ይህን አውቃለሁ። በወረቀት ላይ ቃሉን ማስተካከል ይቻላል። በፊቷ ግን የመጣው ቃል ነው የሚወጣው።

ማርች 14። ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩ። አራተኛውን እልካለሁ።

*

ሮቸስተር፣ ማርች 15፣ 1925

የተከበሩ እናቴ፣ የተከበራችሁ የቤታችን ሴቶች፣

ይህን ሊዲያ በሁላችሁም ፊት እንድታነብልኝ እለምናለሁ።

ኢላምን ተመረጥ ብዬ የመከርኩት እኔ ነኝ። እናቴ ይህን ያውቃሉ። ሲጠይቁኝ አድበስብሼ አልፌአለሁ። የማያውቁት ግን ምክንያቱን ነው። ለቤታችን ብዬ እንደመከርኩት ለራሴም ስነግረው ኖሬአለሁ፤ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ይህ ነው፦ የቅርጫት እንጨት የምናስቆርጥበት ረግረግ ፈቃድ ወደ አዲሱ ሸንጎ እንደሚዞር ገና በጁን ሰምቼ ነበር። እዚያ ወንድም ያለው ነጋዴ እንጨት አያጣም። ቀስቱን፣ ሸንጎውን ሁሉ ስጽፍልዎ ይህ በአሳቤ ነበር።

ለኢላም ስለ እንጨቱ አንድም ቃል አልጻፍኩለትም። እሱ ግን ነጋዴ ወንድሙ ምን እንደሚያስፈልገው ሳይነገረው ያውቃል። ፈቃዱ ባለፈው ወር ደረሰኝ፤ ለሦስት ዓመት ነው። ያስፈረመልኝ ጃንዋሪ 22 ነው፤ ቀንዱ ከወለቀ በኋላ፣ ወንበራቸውን ሊለቅ ሁለት ቀን ሲቀረው። አንድ ወር ስጡኝ ያለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ የምትጠሩትን ሰው እወቁት። ይህን ሰምታችሁ አሁንም ከፈለጋችሁኝ እሺ ብያለሁ፤ ስሙን እሸከማለሁ፣ ሱቁንም እዘጋለሁ። አንድ ቃል ጻፉልኝ፤ በማግስቱ ባቡር ላይ ነኝ።

አልፊየስ

*

ማርች 28። ባፋሎ። ዝናብ ነው፤ ገበያው ቀዝቃዛ ነው። ደብዳቤው ባለፈው ሐሙስ ወይም ዓርብ ደርሷል። ከሰዓት በኋላ ሁለት ጊዜ ሰዓቴን አየሁ።

ኤፕሪል 6። መልስ የለም።

*

ታላቁ ወንዝ፣ ኤፕሪል 12፣ 1925

አልፊየስ፣

ይህ ከእኔ ነው። እናቴ አንድ ቃል ብቻ ነው የሰጠችኝ፤ መጨረሻው ላይ እጽፈዋለሁ።

ፖስታህ የደረሰው ማርች 19 ነው። ወፍራም ነበር። እናቴ ባቄላ እየለቀመች ነበር።

«የአልፊየስ ነው፤ ልክፈተው?» አልኳት።

«እሱ ውስጥ አለ?» አለችኝ።

«ደብዳቤው ነው ያለው።»

«እንግዲያው ሲመጣ ይዞት ይግባ። የሚለውን ከአፉ እሰማለሁ፤ እኔ ወረቀት አላይም።»

«እማ፣ ምናልባት አስቸኳይ ቢሆንስ?»

«ዘጠኝ ቀን አለው። ባቡሩ አንድ ቀን ነው።»

መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት። ሳልከፍተው ሦስት ቀን ዞርኩበት፤ እግዜር ያውቃል። እሷ ያልፈቀደችውን ፖስታ ግን አልከፍትም።

ቅዳሜ ዕለት አሥራ አንድ ሴቶች ተቀመጥን። በምድጃው አጠገብ ለአንተ ወንበር አደረግን። እናቴ ራሷ ወለወለችው። ከጠዋት ጀምሮ ጠበቅን። አንድ ጋሪ መጥቶ ሁላችንም ብድግ አልን፤ ዘይት ሻጩ ነበር። እትዬ ራኬል «ነጋዴ አይደል? ዋጋው እስኪወርድ እየጠበቀ ነው» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። እናቴ አልሳቀችም፤ አልተቆጣችም። «ዱባው ይበስላል፣ እናንተ ብሉ» አለች። እሷ አልበላችም።

በጎቹ የሚገቡበት ሰዓት ሲደርስ «ወንበሩን አይታችኋል?» ብላ ጠየቀች። አንድ በአንድ አየን አልን። እኔ የመጨረሻ ነበርኩ። ፖስታው አለ ልል አፌን ከፈትኩ። አየችኝ። «አየሁ» አልኩ።

የስሙ ምልክት የሆነውን የዛጎል ክር ከደረቷ አወጣች። ሃያ ስድስት ዓመት ያልተለያት ነው፤ ቆዳዋ ላይ ቦታው ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ከጅረቱ ማዶ ለመጣችው ሴት ሰጠቻት። ስሙን የሚሸከመው የእሷ ልጅ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ጨዋ ልጅ ነው። ሴቶቹ ሲሄዱ እናቴ ወንበሩን አንሥታ ከሌሎቹ ጋር ደረደረችው።

ከኢላም ወሬ የለም። በአገሩ ሁሉ ቤታችንን ለወንበር ብሎ የሸጠ እየተባለ ነው የሚነሣው። የሚከላከልለት ሰው አልሰማሁም፤ ምን ብሎ ይከላከልለታል?

ፖስታህን እንደመጣ መልሼልሃለሁ። በእኛ ዘንድ ቦታ የለውም።

እናቴ ያለችው ይህ ነው፦ «መልሱን ሰምቻለሁ። አልተቀየምኩትም በይው፤ በደንብ ነው የተናገረው።»

ሊዲያ